ከፈቃዱ ግርጌ ያለው መስመር

ሚኒባሱ ሚኤሶን አልፎ የጭሮን ዳገት እያቃሰተ መውጣት ሲጀምር የይልቃል ስልክ ለአራተኛ ጊዜ ጠራ። አላነሳውም። ደዋዩ ተስፋዓለም እንደሆነ ሳያይ ያውቃል። ተስፋዓለም ይልቃል የተማረበት ኮሌጅ የጭሮ ማዕከል አስተባባሪ የነበረ ሰው ነው፤ ድሮ ክፍያ የዘገየ እንደሆነ ብቻ ነበር የሚደውለው። ከትናንት ወዲህ ግን ለገዛ አማቱ እንኳ እንዲህ አዘውትሮ ደውሎ የሚያውቅ አይመስልም።

ይልቃል ሁለት ቀን ቦርደዴ ቆይቶ መመለሱ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የንብረት ቡድን መሪ ስለሆነ ንብረት ሊቆጥር ሄዶ ወንበርና ጠረጴዛ፣ የተሰበረ ፕሪንተር፣ ጎማ የሌለው ሞተር ብስክሌት ሲቆጥር ሰነበተ። ቆጠራው ገና አላለቀም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን የሰው ሀብቷ ወይዘሮ አዳነች ደውላ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ የትምህርት ማስረጃ ማጣሪያ ቅጹን ያልሞሉት እሱና አብራው የምትሠራው ዑሙልኸይር ብቻ መሆናቸውን ነገረችው። ዛሬ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም አሽጋ ትልካለች። ቀኑ ሳያልፍ እውነቱን ራሱ ያስታወቀ ከመደቡ ቢወርድ ነው እንጂ አይከሰስም፤ በሐሰት ሞልቶ የተገኘ ግን ጉዳዩ ለሕግ ይተላለፋል። ይህን ስትለው ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር፣ የዓመት ፈቃድ ቀሪ ቀኑን የምትነግረው ያህል። ይልቃል ግን ሌሊቱን ሙሉ በቦርደዴ ሙቀት ሲገላበጥ አደረ፤ ሲነጋ ቆጠራውን ለባልደረባው ትቶ መንገድ ጀመረ።

በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ በአንድ ቀነ ገደብ የተበተነው ቅጽ አንድ ገጽ ነው። ስም፣ የሥራ መደብ፣ የትምህርት ደረጃ፣ ያስተማረው ተቋም ካለ በኋላ «በካ ኢቲ በረተን» ይላል። የተማሩበት ቦታ ማለት ነው። ይልቃል ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ኦሮምኛውን ከገበያም ከቢሮም ለቃቅሞ ጥሩ አድርጎ ይናገራል። ሦስት ቃል ያላትን ጥያቄ ለመረዳት አልቸገረውም። የቸገረው መመለሱ ነው።

የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርሱን የተማረው እዚሁ ጭሮ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር ካለ ፎቅ ላይ በተከራየ አዳራሽ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ተመላልሷል። መምህራኑ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ እየመጡ ያስተምራሉ። ከታች የጫት መኪኖች ጡሩምባቸውን ሲያስጮኹ መምህሩ ነጭ ሰሌዳው ፊት ቆሞ እስኪያልፉ ይጠብቃል። አሥራ ሰባት ሆነው ተመረቁ። ይልቃልም በዚያ ዲግሪ ተወዳድሮ ቡድን መሪ ሆነ። አሁን ከቅጹ ጋር የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ኮሌጁ ይህን ትምህርት በማስተርስ ደረጃ እንዲሰጥ የዕውቅና ፈቃድ ያለው አዲስ አበባ ላለው ዋና ግቢ ብቻ ነው ይላል። ሌላ ቦታ የተሰጠው እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

ስልኩ ለአምስተኛ ጊዜ ሲጠራ አነሳው። ካላነሳው አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ሊያነሱለት ምንም አልቀራቸውም።

«ይልቄ፣ ነገሩ እኮ ቀላል ነው» አለ ተስፋዓለም። «የሁላችሁም ውጤት የገባው በዋናው ግቢ መዝገብ ነው። አዲስ አበባ ብላችሁ ሙሉ። ኮሌጁ ሲጠየቅ አዎ ይላል፣ አለቀ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ አዲስ አበባ ስማር ማን አየኝ?»

«ጭሮ ስትማርስ ማን አየህ? ስማኝ፣ አንድ ሰው ጭሮ ብሎ ከጻፈ አሥራ ሰባታችሁም ገደል ናችሁ። ልጆቹ ደግሞ የሚሰሙት አንተን ነው። አንዲት መስመር በቴሌግራም ጻፍላቸውና ይገላገሉ።»

ጭሮ ሲማር ማን አየው ለሚለው ይልቃል መልስ ነበረው፤ ከተማው በሙሉ አይቷል። በተመረቁ ሰሞን ገንዘብ አዋጥተው፣ አሥራ ሰባቱም ጋውን ለብሰው የተነሡበትን ትልቅ ባነር አሳትመው ዋናው መንገድ ላይ ሰቅለው ነበር። «የጭሮ ማዕከል የመጀመሪያ ዙር የማስተርስ ምሩቃን፣ እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ባነሩ ወር ያህል ተንጠልጥሎ ከረመና አንድ ቀን ከቦታው ጠፋ። ለካ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ወስዳ ጥላ አድርጋው ኖሯል። ዛሬም ሚኒባሱ መናኸሪያ ገብቶ ይልቃል ባጃጅ ይዞ ሲያልፍ የገዛ ፊቱ ከቲማቲሙ በላይ ሆኖ ቁልቁል አየው። ባጃጁ እስኪያልፍ ቦርሳው ውስጥ የሆነ ነገር የሚፈልግ መሰለ።

እንግዲህ የማዕከሉ ዕዳ የኮሌጁ ነው ብሎ እጁን መታጠብ በቻለ ነበር። ሌሎቹ ይችላሉ። እሱ ግን አይችልም፤ ምክንያቱም ፈቃዱን ያየው እሱ ነው።

በዚህ አገር ልማድ ሰው ሁሉ ለአንድ ጉዳይ አይንከራተትም። የሚታመን አንድ ሰው ይመረጣል፣ መሣፈሪያ ይዋጣለታል፣ ሄዶ ያያል፤ እሱ ያየውን ሁሉም እንዳየ ይቆጥረዋል። ጫት ነጋዴውም የሩቅ ገበያ የሚያጠናው እንዲህ ነው። ኮሌጁ ምዝገባ ሲጀምር፣ ገና ማንም ሰባራ ሳንቲም ሳይከፍል፣ ሃያ የሚሆኑ የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ተሰብስበው ፈቃዱን አይቶ የሚመጣ ሰው ይላክ አሉ። ማን ይሂድ ሲባል እጇን ያነሳችው ዑሙልኸይር ነበረች። ከይልቃል ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። ኦቦ ይልቃል ይሂድ፣ ንብረት የሚቆጥር ሰው የጎደለ ነገር አያልፈውም አለች። ሁሉም ሳቁ፣ ሁሉም ተስማሙ።

ሄደ። አዲስ አበባ ባለው ዋና ግቢ ፈቃዱ በመስተዋት ፍሬም ተደርጎ ከሬጅስትራሩ ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል። ማኅተሙ እውነተኛ፣ ፊርማው እውነተኛ፣ የትምህርቱ ዓይነትም ማስተርስ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼን አይቶ ይወጣ ነበር። ይልቃል ግን የንብረት ሰው ነውና ወረቀትን እስከ ግርጌው ሳያነብ አይተውም። ከግርጌው በትንንሽ ፊደል «ይህ ፈቃድ የሚያገለግለው ከላይ በተጠቀሰው አድራሻ ለሚሰጥ ትምህርት ብቻ ነው» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበው። ሬጅስትራሩን ሲጠይቀው የጭሮው በሂደት ላይ ነው አለው። በሂደት ላይ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ግን አልጠየቀም፤ እንዳይጠይቅ ያደረገው ደግሞ መፍራቱ ነው። በማስተርስ ማጣት ሁለት ጊዜ የቡድን መሪነት ውድድር አምልጦታል። ክፍሉ እንዲከፈት ቢያንስ አሥራ አምስት ተማሪ ያስፈልጋል። መስመሯን ከነገራቸው ግማሾቹ እንደሚሸሹ ያውቃል።

ጭሮ ተመልሶ አዳራሹ ሲገባ ፈቃድ አለው ወይ ብለው ጠየቁት። «አለው። በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ። አጨበጨቡለት።

ዋሸ የሚለው ሰው አይገኝም። ፈቃዱም አለ፣ በዓይኑም አይቶታል። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ያን ቀን ማታ ነገሩን ለሚስቱ ለእቴነሽ አጫወታት። እሷም እንደ ነርስነቷ ነገር አታስረዝምም፣ ንገራቸው አለችው። የወረቀት ጉዳይ ነው፣ እስክንመረቅ ይስተካከላል አላት። ከዚያ ወዲህ ወሬውን ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

ዛሬ ከባጃጁ ሳይወርድ ደወለላት። ጤና ጣቢያ ተረኛ ናት፤ ከኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። ምን እንደሚጽፍ ግራ እንደገባው ነገራት። መደቡ ቢወሰድበት ደመወዙ ወዴት እንደሚወርድ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የቤቱ ኪራይ፣ አንዱን ካንዱ እያምታታ ዘረዘረላት። እቴነሽ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«እኔን አትጠይቀኝ፣ ይልቃል» አለች። «ደመወዝ ቢቀንስ ተቀንሶ ይኖራል። የዚያኛውን ነገር ግን ያኔም ነግሬህ ነበር። አልሰማኸኝም።»

ስልኩን ዘጋች። ተቆጥታ ይሁን ሕፃኑ ጠርቷት አላወቀም።

ቢሮ ሲደርስ የጁምዓ ሰላት አልቆ ሰዉ እየተመለሰ ነበር። ወይዘሮ አዳነች በር ላይ አገኘችውና የእሱን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠችለት ነገረችው። ዑሙልኸይር የራሷን ወስዳ አልሞላችም፣ እሱን እየጠበቀች ነው። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ።

ዑሙልኸይር ወንበሯ ላይ ናት። ስልኳን አጠገቧ ገልብጣ አስቀምጣ፣ እስክሪብቶዋን ሳትከፍት ይዛዋለች። ዕድሜዋ ሠላሳ ሁለት ነው፤ ይልቃልን በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እርስዎ ብላው አታውቅም፤ ግን «ኦቦ» ስትለው ከማንም አንቱታ ይልቅ ክብር እንዳለው ይሰማዋል። ያን ማስተርስ እንደ እሷ የለፋበት የለም። የጀመረችው ነፍሰ ጡር ሆና ነው። ከወለደች በኋላ እናቷ ሕፃኗን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዕረፍት ሲሆን ወጥታ አጥብታ ትመለሳለች። የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በገለምሶ ቡና ገበሬዎች ማኅበራት ላይ ነው፤ «ሌሎቻችን ከኢንተርኔት ስንለቃቅም እሷ በሚኒባስ ገለምሶ እየተመላለሰች ገበሬ ለገበሬ ጠይቃ ነው» ብሎ ይልቃል ራሱ ይመሰክራል። የዕድገት ደብዳቤዋ ለመፈረም ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ይኼ ቅጽ የመጣው።

ስለ ቦርደዴ ሙቀት ጠየቀችው። መለሰላት። ከዚያ ቅጿን አንስታ እሱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ኦቦ ይልቃል፣ ምን ልጻፍ?»

«ምን ለመጻፍ አሰብሽ?»

«አንተ የምትጽፈውን። ያኔም አንተ ያየኸውን ነው እኔ ያየሁት።»

ተስፋዓለም ያለውን ሁሉ ነገራት። መዝገቡ በዋናው ግቢ መሆኑን፣ ኮሌጁ አዎ እንደሚል፣ አንድ ሰው ካፈነገጠ ሁሉም እንደሚወድቅ። ሲነግራት የራሱን አሳብ የሚናገር እንዳይመስል በየመሐሉ «እሱ እንደሚለው» እያለ ነው።

«ውሸት ነዋ» አለች።

«ውሸት ነው።»

«ጭሮ ብዬ ብጽፍስ?»

«ዲግሪው አይቆጠርልሽም። ዕድገቱም ይቀራል።»

ዑሙልኸይር ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ላይ ቁጣ የለም፤ የምትፈልገው መረዳት ብቻ ነው።

«ግን ፈቃዱን አይተኸው የለ? ቦታውን አይልም ነበር እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል። መልሱንም አዘጋጅቶ ነበር፤ ሌሊት ቦርደዴ ሆኖ በተለያየ ቃል ሲለማመደው አድሯል። አሁን ግን ከአፉ የወጣው ሌላ ነው።

«ይላል መሰለኝ፤ ከሥሩ፣ በትንንሽ ፊደል። ያኔ አላስተዋልኩትም።»

ይልቃል ይህን እንዳለ ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ። ብትቆጣ ደስ ባለው፤ ቢያንስ አንድ ነገር ይቀልለት ነበር። ዑሙልኸይር ግን ከልቧ አዘነችለት።

«አቦ፣ በዚህ አትጨነቅ» አለች ለስለስ ብላ። «ሰው ነህ። ዓይን ይስታል። አላህ ያላሳየህን ከየት ታመጣዋለህ? ወላሂ እኔ ባንተ አልፈርድም። አማና፣ አደራችንን ሰጠንህ፣ ሄድክ፣ የቻልከውን አየህ። እናቴ እኮ እስከ ዛሬ በዱዓዋ ስምህን ትጠራለች።»

ይልቃል ጠረጴዛው ላይ ያለውን የራሱን ቅጽ ወደ ጎን ገፋ አደረገ።

እሷ ግን የምታመነታው ነገር አልነበራትም። እስክሪብቶዋን ከፈተችና በተማሩበት ቦታ ላይ በቁቤ ጭሮ ብላ ጻፈች። ከዚያ ፈረመች። ፈርማ ስትጨርስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ዓይኗ ውኃ ሞልቷል።

«ገለምሶ ያሉት ገበሬዎች ሲያዩኝ ጭሮ የምትማረው ልጅ ነው የሚሉኝ» አለች። «አዲስ አበባ ብል ይስቁብኛል።»

ይልቃልም የራሱን ቅጽ ሳበና ጭሮ ብሎ ሞላ። ሌሊቱን ሙሉ እንደ ትልቅ ጀግንነት ሲያስበው የነበረው ነገር፣ እሷ ቀድማ ከጻፈችው በኋላ ምንም የሚከብድ አልሆነም። የቡድን መሪነቱን በአንዲት ቃል አስረከበ፤ ያም ቢሆን አላስተዋልኩትም ያላት ነገር ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ወይዘሮ አዳነች መጥታ ሁለቱን ቅጾች አየች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፣ ሁለቱንም ሰብስባ ያዘች። ስትወጣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችላቸው።

የቀሩት አሥራ አምስቱ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ በቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ ይልቃልን ሲጠብቁ ውለዋል። ገለምሶ የሚያስተምረው ኃይለየሱስ፣ እስከ አሁን ሦስቱ አዲስ አበባ ብለው ማስገባታቸውን፣ የቀሩት ግን እሱ ካላለ እንደማይሞሉ ጽፏል። «ያኔ በአንተ ዓይን ገባን፣ አሁንም አንተው ንገረን» ይላል። ከሥሩ ስድስት ሰው አውራ ጣት አድርጎበታል። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ይልቃል መጻፍ ጀመረ። እሱና ዑሙልኸይር ጭሮ ብለው መሙላታቸውን ጻፈ። አዲስ አበባ ብለው ያስገቡት ሦስቱ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሄደው ቢያርሙ እንደማይከሰሱ፣ ከዚያ ካለፈ ግን መመለሻ እንደሌለው ጻፈ። ተስፋዓለም የሚለውን እንዳይሰሙ ጻፈ። በመጨረሻም እንዲህ አለ፦ «ፈቃዱ ለዋናው ግቢ ብቻ መሆኑ ከግርጌው ተጽፎ ነበር። ያኔ አላስተዋልኩትም፣ ይቅር በሉኝ።»

ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ጥሩ መልእክት ነው። ይቅር የሚሉት ይመስለዋል፤ ዑሙልኸይር እንዳለችው ሰው ነው፣ ዓይን ይስታል ይላሉ። ምናልባት ያዝኑለታል። በመንገድ ሲያገኙት ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል። እናቷም ስሙን በዱዓ መጥራታቸውን አይተዉም።

ቀና ሲል ዑሙልኸይር የልጇን የክትባት ካርድ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች ነበር። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፈገግ አለችለት፤ ሐዘንተኛን የሚያጽናና ሰው ፈገግታ ነው። ያቺን ፈገግታ መሸከም አቃተው። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ሲሉ ሽማግሎቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ፣ በአርባ አንድ ዓመቱ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ገባው።

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አጠፋው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄዱ። በቦታው «ያኔ አንብቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ክፍሉ እንዳይቀር ብዬ አውቄ ደበቅኩባችሁ» ብሎ ጻፈ። ይቅር በሉኝ የሚለውን አልመለሰውም። ላከውና ለመውጣት የመንገድ ቦርሳውን አነሳ።

ከፊት ለፊቱ፣ ዑሙልኸይር ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ ያለው ስልክ ነዘረ። እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። ይልቃል ቦርሳውን መልሶ መሬት አስቀመጠና አንብባ እስክትጨርስ ድረስ ቁጭ አለ።